እንኳን አደረሳችሁ፤ ግራሶው ገና አልለቀቀም

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ! ሰላምታዬ ዘንድሮ ዘግይቷል። ስልኬን ደህና አድርጌ የያዝኩት ዛሬ ማታ ነው። ጥፍሬ ሥር የገባው ግራሶ አሁንም አልወጣም።

ለማታውቁኝ፣ ታህሳስ ሲገባ ሁሌ ለአጨዳ ከአዳማ አርሲ ውስጥ ወዳለችው ኢተያ እወጣለሁ። የአባቴ ስንዴ እዚያ ነው። "ላግዝ ነው" ብዬ እሄዳለሁ እንጂ፣ እውነቱን ከተናገርኩ የጆንያ አፍ ይዤ ከመቆም ያለፈ አልጠቅምም።

ለአርሲ ገበሬ ኮምባይነር፣ አጭዶ የሚወቃው ማሽን፣ ብርቅ አይደለም። በስዊድን እርዳታ የተጀመረው ካዱ የሚባለው የእርሻ ልማት ድርጅት አሰላ ላይ የተቋቋመው በ1960 ዓ.ም. ገደማ ነው። አባቴ ያደገው የትራክተር ድምፅ እየሰማ ነው። ወረፋው ግን ያው ወረፋ ነው። የሁሉም ስንዴ በአንድ ሰሞን ይደርሳል፤ ማሽኑ ከማሳ ማሳ ይዞራል። የእኛ ተራ የደረሰው ታህሳስ 26 ነው።

ጠዋት ጤዛ ስላለ አይታጨድም። እርጥብ ስንዴ ማሽኑ ውስጥ ይጠቀለላል፣ ፍሬውም ከዛላው አልለቅ ይላል። እስከ አራት ሰዓት ቆመን ሰማይ ሰማይ አየን። ደመና ነበር። የደረሰ ስንዴ ዝናብ ሲያገኘው ይተኛል፣ ይጠቁራል፤ ከባሰም ዛላው ላይ እንዳለ ይበቅላል። አባቴ ደመናውን እያየ አንድም ቃል አልተናገረም።

አራት ተኩል ላይ ማሽኑ ተነሳ። ሁለት ዙር እንደሄደ የሚያንቋርር ድምፅ ሰማን፣ ከዚያ ቆመ። ኦፕሬተሩ ወርዶ ክዳኑን ከፈተ። እጁን አስጠጋና ቶሎ መለሰ። "ኩሽኔታ ነው። ተቃጥሏል" አለ። ኩሽኔታ ማለት የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚይዘው የብረት ቀለበት ነው። ቺንጊያውም፣ ማሽኑን የሚያዞረው ቀበቶ፣ አብሮ ተበልቷል።

ሰው ሁሉ "ኮምባይነር አነሰን" ይላል። እውነት ነው፣ ያንሳል። እኔ ግን በየዓመቱ ማሳ ዳር ቆሜ የማየው፣ ሥራውን የምታስቆመው በመዳፍ የምትያዝ ዕቃ መሆኗን ነው። ሚሊዮኖች የፈሰሰበትን ማሽን እያሠራ አንድ ትርፍ ኩሽኔታ የማይዝ ባለቤት ምን ይባላል? ስሙን አልጠራም፤ በዓል ነው።

ጎረቤታችን ሞተር ሳይክሉን አስነሳና "ና ውጣ" አለኝ። ሙስሊም ነው፤ ገና የእሱ በዓል አይደለም፣ የራሱ ስንዴም ገና አልታጨደም። አሰላ ገባን። አንደኛው ሱቅ የለም፣ ሁለተኛው ነገ ኑ። ሦስተኛው ሽማግሌ አሮጌውን ኩሽኔታ በጨርቅ ጠረገና ጠርዙ ላይ ያለውን ቁጥር አነበበ። ሳይናገር ዞሮ ከመደርደሪያው አወረደው። አቅፌ ልስመው ምንም አልቀረኝም። ቺንጊያ በልኩ ግን አጣን፤ አሮጌው እስከ ማታ ይሞክር ተባለ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስንመለስ እነ አባቴ ማሽን የማይደርስበትን ጥጋጥግ በማጭድ አጭደው ነዶ አስረዋል። ኦፕሬተሩም አልተኛም። የማሽኑን ቢላዎች አንድ በአንድ ሲፈትሽ፣ የላላ ቡሎን ሲያጠብቅ ነበር።

ልጅ ነው። ከጎጃም ነው የመጣው፤ ከጥቅምት ወዲህ ቤቱን አላየም። እናቴ የጾም ሽሮ አቀረበችለት። እጁን በናፍጣ አሸ፣ በዱቄት ሳሙና ደገመ፣ አሁንም ጥቁር ነው። "እማማ፣ አንቺው አጉርሺኝ" አላት እየሳቀ። ቁጭ ብላ አጎረሰችው። ገናን የት እንደሚውል ስትጠይቀው "መንገድ ላይ ነኛ! ባሌ የሚጠብቀን ስንዴ አለ" አለ። እናቴ ጎረሰ አልጎረሰ ሳትል አስከትላ ጠቀለለች።

ጨርሰን የወጣነው በመብራት ነው፣ ጤዛው ተመልሶ ከመውረዱ በፊት። ስንት ኩንታል እንደሆነ አልነግራችሁም። አባቴ ቁጥሩ ጮክ ተብሎ ሲነገር አይወድም፤ በረከቱ ይሸሻል ይላል። በማግስቱ ሴቶች ቃርሚያ ሊለቅሙ ገቡ፣ ልጆችም እዚያው ሩር ይመቱ ጀመር።

የዘንድሮው "እንኳን አደረሰህ" መጀመሪያ ለዚያ ልጅ ይድረስልኝ። ቀጥሎ ለጎረቤታችን፤ ነገ ለቡና እንደ ሁልጊዜው ይመጣል። ከዚያ ለእናንተ፣ በተለይ በዓሉን ሥራ ላይ ለምትውሉ።

የተቃጠለውን ኩሽኔታ የጎረቤታችን ትንሹ ልጅ ወሰደው። የእንጨት ጋሪ እየሠራ ነው። "ይሄ እኮ አይዞርም" ብለው አልሰማኝም። ጣሳ ውስጥ ናፍጣ ጨምሮ ነክሮታል።