«ወንድ ናት!»

ታኅሣሥ ሲገባ አመሻሹ ላይ የሚነፍሰው ደረቅ ብርድ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ስሜት ያመጣብኛል። ሐዘን አልለውም፣ ድካምም አይደለም፤ መናገር የነበረብኝን ነገር ሳልናገር ያሳለፍኩት እንዲመስለኝ የሚያደርግ ስሜት ነው። ዛሬም ከሥራ ገብቼ፣ ጋቢዬን ደርቤ መስኮቱ አጠገብ እንደተቀመጥኩ ያው ስሜት መጣ። ማስታወሻዬን የከፈትኩት ስለዚሁ ብርድና አከራዬ ትናንት ስለነገሩኝ ጭማሪ ልጽፍ ነበር፤ ብዕሩን ሳነሣ ግን ሐሳቤ ቅዳሜ ዕለት ወደሆነው ነገር ሄደ፤ ከዚያም አልተመለሰም።

ቅዳሜ ዕለት የአክስቴ ልጅ በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ ፎቶግራፍ ለጠፈ። ፎቶግራፉ አንዲት ሯጭ የመጨረሻውን መስመር ስትረግጥ የተነሣ ነው፤ የአንገቷ ሥር ተገታትሯል፣ ጥርሷን ነክሳለች፣ የጭኗ ጡንቻ ተለይቶ ይታያል። ከሥሩ «ይቺን ያገባ ሰው ሲጣሉ ወዴት ሮጦ ሊያመልጥ ነው?» የሚል ጽሑፍ ነበረው። ሳቁ ተከታተለ። አንዱ ደግሞ «መጀመሪያ ሴት መሆኗ ይጣራ» ብሎ ጨመረበት፤ ሳቁ የበለጠ በዛ። እኔም ሳቅኩ፤ መሳቄን ከዚህ ማስታወሻ መደበቅ አልፈልግም። ቀልዱ የተዋጣለት ስለነበር ሳላስበው ሳቄ ቀደመኝ።

ከእኔ ጋር የምትኖረው የወንድሜ ልጅ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ጃንሜዳ ትሮጣለች፤ እርሷም በዚያው ግሩፕ ውስጥ አለች። የስሟ ማሳያ ፎቶ ባለፈው ዓመት በትምህርት ቤቷ ውድድር ላይ ስትሮጥ እኔው ያነሣኋት ነበር፤ እንደዚያችው ሴት ጥርሷን ነክሳ፣ ዓይኗን ጨፍና። እሑድ ጠዋት ስመለከት ፎቶው ተነሥቶ በቀይ ጽጌረዳ ተተክቷል። ምንም አልተናገረችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ለአክስቴ ልጅ ግን በግል ጻፍኩለትና፣ ልጅቷ እያየች እንደነበረ ነገርኩት። መልሱ ሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ «እህቴ፣ ቀልድ እኮ ነው። ደግሞስ መናገርም ልትከለክሉን ነው እንዴ?»

ሦስት ቀን ሙሉ የምብሰለሰለው በዚህ መልስ ነው። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር፣ ቃሉ ክብደት የለውም፣ ስለዚህ ማንም ሊጎዳበት አይገባም ይለኛል። ሁለተኛው ደግሞ ያው ቃል ሰዎች የታሰሩበት፣ የተሰደዱበትና የሞቱበት ታላቅ መብት ጥላ ሥር ያለ ነውና አትንኪው ይለኛል። አንድ ቃል በአንድ ጊዜ ከላባ የቀለለና ከሕገ መንግሥት የከበደ ሊሆን እንዴት ይችላል? የአክስቴን ልጅ እወደዋለሁ፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ታምሜ ሆስፒታል ሳለሁ ሌሊቱን ወንበር ላይ ያደረው እርሱ ነው። ይህን የማነሣው ልወቅሰው ሳይሆን፣ ደግ ሰው እንኳ ይህን መልስ ሳይቸገር የሚያገኘው ለምን እንደሆነ ለማወቅ ነው።

ነገሩ የእኛ ግሩፕ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዓለም አትሌቲክስ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ሰሞን የ161 አትሌቶችን የትዊተር ገጽ አስጠንቶ ነበር፤ በቀጥታ በአትሌቶች ላይ ተነጣጥረው ከተገኙት 132 የስድብ መልእክቶች 115ቱ የተላኩት ለሴቶች ነው። ቁጥሩን መጀመሪያ ያነበብኩት ዕለት ከመገረም ይልቅ ያዘንኩት፣ ሳላነበውም የማውቀው ስለመሰለኝ ነው።

ስለ መናገር ነፃነት ወሰን ሳስብ ደግሞ በፈረንጆቹ 2025 እንግሊዝ አገር የተፈረደው የጆይ ባርተን ጉዳይ ከአእምሮዬ አልወጣም። ባርተን የቀድሞ እግር ኳስ ተጫዋችና አሠልጣኝ ነው። ሴቶች ስለ ወንዶች እግር ኳስ ሊያወሩ አይገባም የሚለውን አቋሙን በኤክስ ገጹ ላይ ሲጽፍ ከርሞ፣ በፈረንጆቹ 2024 መጀመሪያ ላይ በሁለት የጨዋታ ተንታኞች፣ በኤኒ አሉኮና በሉሲ ዋርድ ላይ ዘመተ። የሁለቱን ሴቶች ፊት በስም በታወቁ ነፍሰ ገዳይ ባልና ሚስት ፎቶግራፍ ላይ እስከመለጠፍ ደረሰ። አሉኮ ሌጎስ ተወልዳ ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን 102 ጊዜ የተሰለፈች ናት። ባርተን ለዚያው አገር ብሔራዊ ቡድን የተሰለፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሥራዋን አታውቅም የተባለችው እንግዲህ ባለ 102ዋ ናት።

ሊቨርፑል ያስቻለው ፍርድ ቤት ፊት ሲቀርብ የባርተን መከላከያ ከአክስቴ ልጅ መልስ የራቀ አልነበረም፤ ቀልድ ነው፣ የመናገር ነፃነቴም ነው አለ። እኔን የሳበኝ ከቅጣቱ ይልቅ የአመዛዘኑ መንገድ ነው። ክሱ ዐሥራ ሁለት ነበር፤ በሦስተኛ ሰው፣ በአንድ ወንድ የሬዲዮና የቴሌቪዥን አቅራቢ ላይ የጻፋቸውም ነበሩበት። ከሕዝብ የተመረጡት ዳኞች እያንዳንዱን ለየብቻው አይተው በስድስቱ ጥፋተኛ፣ በስድስቱ ነፃ አሉት፤ የስድስት ወር እስራት በገደብ ተፈረደበት። ቅጣቱን የወሰኑት ዳኛ፣ ጠንካራ ክርክርና ፌዝ ሻካራ ቋንቋም ጭምር በነፃነቱ ውስጥ ሊታቀፉ እንደሚችሉ፣ ሆን ተብሎ ሰውን ለማዋረድና ለማስጨነቅ የተወረወረ ቃል ግን ያንን ጥበቃ እንደሚያጣ አስረድተዋል። ስድስት ለስድስት መሆኑን ስሰማ በመጀመሪያ ተናድጄ ነበር፤ ቆይቼ ሳስበው ግን አከበርኩት። ነፃ የተባሉት ስድስቱ ጽሑፎች ጨዋ ነበሩ ማለት አይደለም። ሕግ የሚደርስበት ጫፍ እዚያ ላይ አበቃ፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ሰው ለራሱ ይወጣው ማለት ነው።

በዚያው በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ የሆነውን ከዚህ ጋር ሳስተያየው ልዩነቱ ይገባኛል። የአውስትራሊያ ሴቶች በ4 በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ወርቅ አግኝተው ከመዋኛው ገንዳ ሲወጡ፣ ቦብ ባላርድ የተባለው የዩሮስፖርት አስተያየት ሰጪ፣ ሴቶች መቼም እንዲህ ናቸው፣ እየተኳኳሉ ይቆያሉ የሚል ይዘት ያለው ነገር ተናገረ። አብራው የነበረችው ባልደረባው ወዲያውኑ ተቃወመችው፤ ጣቢያውም ከሥራው አነሣው። እዚህ ላይ ፖሊስ የለም፣ እስር ቤትም የለም። ማይክሮፎን ሰጥቶት የነበረ አካል ማይክሮፎኑን መልሶ ወሰደ። ባላርድ ቤቱ ሆኖ የፈለገውን ከመናገር የከለከለው ማንም አልነበረም። የአክስቴ ልጅ «ልትከለክሉን ነው እንዴ» ሲለኝ እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ያደረጋቸው ይመስለኛል። እኔ የጠየቅሁት እንዲከሰስ አልነበረም፤ ልጅቷን እንዲያስባት ነበር።

ወደ አገራችን ስመለስ እውነቱን ለመናገር ይበልጥ እፈራለሁ። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ይሰጥና፣ በዚያው አንቀጽ የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ሕግ ገደብ ሊያወጣ እንደሚችል ይናገራል። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ ከብሔር፣ ከሃይማኖት፣ ከዘርና ከአካል ጉዳት ጋር ጾታንም ጠቅሶ፣ በዚያ ላይ ተመሥርቶ ጥላቻን ወይም መድልዎን ሆን ብሎ የሚያነሣሣ ንግግርን እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል። ጾታ የምትለው ቃል እዚያ ውስጥ በመኖሯ ደስ ይለኛል። ሆኖም አዋጁ ሲወጣ ትርጓሜው ሰፊ ስለሆነ ለማፈኛ ሊውል ይችላል ብለው የሰጉትን የመብት ተሟጋቾችም ስጋት እጋራለሁ፤ ዛሬ ባለጌ ቀልደኛን የሚይዘው መረብ ነገ በባለ ሥልጣን የቀለደውን ሊይዝ ይችላልና። አዝማሪ ባለ ጌታውን በግጥም ሲነካ በኖረበት አገር፣ ሳቅን ለፖሊስ አሳልፎ መስጠት ያሳስበኛል።

የአዝማሪው ነገር ግን ሌላ ነገርም ያሳየኛል። አዝማሪ ሲነካህ ፊት ለፊትህ ቆሞ ነው፤ ዓይንህን ያያል። አንተም ግጥም ትሰጠዋለህ፣ ወይም ብሩን ግንባሩ ላይ ትለጥፍና ነገሩ ይበርዳል። የተነካው ሰው የጨዋታው ተካፋይ ነው። በዚያ ፎቶግራፍ ላይ ያለችው ሯጭ ግን እንደተቀለደባት እንኳ አታውቅም፤ በሷ አስታክኮ የተነካችው ልጅም መልስ የምትሰጥበት ቦታ አልነበራትም። የነበራት አንድ ነገር ፎቶዋን ማንሣት ነበር፤ እርሱንም አደረገችው። ስለ መናገር ነፃነት ስንከራከር፣ ስትሮጥ የተነሣችውን ፎቶ ለሰው ማሳየት የልጅቷ ንግግር እንደነበረ ማን ይቆጥርላታል? ማንም በሕግ አልከለከላትም፤ ግን ዝም አለች።

ከሁሉ የበለጠ እንቅልፍ የነሣኝ ግን «ሴት መሆኗ ይጣራ» የሚለው ነው። ደቡብ አፍሪካዊቷ ሯጭ ካስተር ሴሜንያ በፈረንጆቹ 2009 በርሊን ላይ የ800 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነች ጊዜ ዕድሜዋ 18 ነበር፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ አካሏ የዓለም መነጋገሪያ ሆነ። አልጄሪያዊቷ ቦክሰኛ ኢማን ኸሊፍም በፓሪስ ተጋጣሚዋ በ46 ሰከንድ ውስጥ ውድድሩን አቋርጣ ስትወጣ የስድብና የፌዝ ጎርፍ ወረደባት፤ ወርቁን ካገኘች በኋላ ለፓሪስ ዐቃቤ ሕግ አቤት ብላ ምርመራ ተከፈተ። ማን በየትኛው ምድብ ይወዳደር የሚለው የስፖርቱ ደንብ ክርክር ነው፤ በሚያውቁት ሰዎች፣ በጨዋ ቋንቋ ሊካሄድ ይገባዋል፤ ያን አልቃወምም። የአንዲትን ሴት ፊት እየቆራረጡ መሳቂያ ማድረግ ግን የደንብ ክርክር አይደለም።

ይህን ስጽፍ አባቴ ትዝ አለኝ። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ነበር፤ ፍልሰታ የገባበት ዕለት። በጎረቤታችን ቴሌቪዥን ዙሪያ ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ሜየርን ጥላ ስትወጣ አየን። ኦሊምፒክ ላይ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት መሆኗን ያን ጊዜ አላወቅሁም። የማስታውሰው እናቴ እልል ስትል፣ አባቴ ደግሞ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ እንባው እየወረደ «ወንድ ናት! ወንድ!» ብሎ መጮኹን ነው። ከሱ አፍ ከዚያ የሚበልጥ ሙገሳ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ፈተና ሳልፍ፣ እንጀራ ሳይቃጠልብኝ ስጋግር፣ ውኃ ተሸክሜ ዳገት ስወጣ «ወንዳታ!» ይለኝ የነበረው እርሱው ነው፤ ቃሉን እንደ ሽልማት እየተቀበልኩ አደግሁ።

ቴሌግራሙ ላይ የተጻፈውና አባቴ በእንባ የጮኸው ያው አንድ ቃል መሆኑን ልብ ያልኩት ዛሬ ማታ ነው። ስታሸንፍ «ወንድ ናት» እንላታለን፤ ፎቶዋን ስናይ «ወንድ ትመስላለች» እንላታለን። ጉልበት የወንድ ነው ብለን ከወሰንን በኋላ፣ ጉልበት ያላትን ሴት ወይ ከሴትነቷ አውጥተን እናመሰግናታለን፣ ወይ ከሴትነቷ አውጥተን እንስቅባታለን። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» እያለ ያሳደገን ቋንቋ ነውና የአክስቴ ልጅ ቀልዱን ከየት እንዳመጣው መጠየቅ የለብኝም፤ ከእኔው ቤት ነው የመጣው። የአባቴን ፍቅር ግን ልጠራጠረው አልችልም። ያን ዕለት በቃሉ የሰጣትና ዛሬ በቃሉ የሚነጥቋት አንድ አይደሉም፤ ቃሉ ግን አንድ ነው። የትኛው ሕግ ነው ይህን የሚለየው?

ከጥምቀት በኋላ የልጅቷ ትምህርት ቤት ውድድር አለ። እሄዳለሁ ብያታለሁ፤ የመጨረሻውን ዙር ስትገባ ስሟን ጠርቼ ልጮኽላት ነው። አሁን ቁጭ ብዬ የምጮኸውን ቃል እፈልጋለሁ። «ወንዳታ» አልላትም። «ጎበዝ» ልል ብዬ፣ ጎበዝ ማለት ከጥንትም ጎልማሳ ወንድ ማለት እንደነበረ ትዝ አለኝ፤ የጎበዝ አለቃ የምንለው ከዚያ ነው። «አንበሳ» ስል ጎፈር ያለው ወንዱ ይመጣብኛል። እልል ማለት እችላለሁ፤ እናቴ ያደረገችው እርሱን ነበር፤ ግን እልልታ ምን እንደሆነች አይነግራትም። እርሷ ደግሞ ጽጌረዳዋን እስካሁን አልቀየረችም። ለአንዲት ጥርሷን ነክሳ ለምትሮጥ ልጅ፣ ሌላ ሰው ሳያደርጋት የሚያሞግሳት ቃል በአማርኛ የቱ ነው?