የናሙና ብዛት የማያርመው ስህተት

የጤና ዳሰሳ ጥናት ሲታቀድ በጀቱም ክርክሩም በአብዛኛው የሚያጠነጥነው በናሙናው ብዛት ላይ ነው። በቀላል ዕጣ የተመረጡ 1,000 ሰዎች የሚሰጡት ውጤት በ95 በመቶ የእርግጠኝነት ደረጃ የስህተት ወሰኑ፣ ማለትም ውጤቱ በዕጣው ምክንያት ከእውነተኛው ቁጥር ሊርቅ የሚችልበት መጠን፣ ከ3 መቶኛ ነጥብ እምብዛም አይርቅም፤ ይህን በግማሽ ለመቀነስ ግን ናሙናውን ወደ 4,000 ማሳደግ ግድ ይላል። ይህ ሁሉ ወጪ የሚቀንሰው ከዕጣው የሚመነጨውን ስህተት ብቻ ነው። ጥያቄው የተዛባ ከሆነ 4,000ውም ሰው የተዛባውን መልስ ይደግምልናል።

ለምሳሌ «ልጅዎ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ተቅማጥ ይዞት ሐኪም ቤት ወስደውት ነበር?» የሚለውን ጥያቄ እንመልከት። «አይ» የምትል እናት ልጇ አልታመመም ማለቷ ይሁን ወይስ ታሞ አለመወሰዱን መናገሯ፣ ከመዝገቡ ላይ መለየት አይቻልም። ጥያቄው ለሁለት ሲከፈል ችግሩ ይቃለላል።

ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የመጠይቁ ርዝመት ነው። በብዙ አገሮች በሚካሄዱት የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳዎች ስለ ሕመም በዝርዝር የሚጠየቀው ከ5 ዓመት በታች ስላሉ ልጆች ነው። ከቤት ቤት ሲዞር ውሎ የደከመ መረጃ ሰብሳቢ የአንድን ልጅ የልደት ቀን በጥቂት ወራት ወደ ኋላ ከገፋው ያ ረጅም ክፍል ይቀርለታል። ድርጊቱ ግን አሻራ አለው፤ ከዕድሜ ገደቡ በታች ያሉት ልጆች ቁጥር ሲያንስ ገደቡን ጥቂት ያለፉት ይበዛሉ፣ የቅርብ ዓመታት የወሊድ መጠንም ከእውነታው በላይ የቀነሰ ይመስላል። እኔ ጥፋቱን በሠራተኛው ላይ ብቻ መጫን ተገቢ አይመስለኝም፤ መጠይቁን ያለ ልክ ያስረዘምነው እኛ አዘጋጆቹ ነንና። የልጆቹን የዕድሜ ስርጭት በእያንዳንዱ መረጃ ሰብሳቢ ስም ለይቶ የመስክ ሥራው ሳያበቃ ማየት፣ ተቆጣጣሪውም በዕጣ የተመረጡ ቤቶችን ደግሞ እንዲጎበኝ ማድረግ ያስፈልጋል።

የቁመት ልኬት ስህተትም በናሙና ብዛት አይታረምም፤ ከ2 ዓመት በታች ያለ ልጅ ተኝቶ፣ ከዚያ በላይ ያለው ቆሞ ይለካል፤ በሁለቱ አለካኮች መካከል በአማካይ 0.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ልዩነት ስላለ አለካኩም መመዝገብ አለበት።

በጀት ሲያጥር ብዙዎች መጀመሪያ የሚሰርዙት ሥልጠናውንና የመጠይቁን ሙከራ ነው። እኔ ግን ናሙናውን መቀነስ እመርጣለሁ። በሙከራው ወቅት ከመልሶቹ እኩል የማዳምጠው ጠያቂው ጥያቄውን ሳይታወቀው በራሱ አነጋገር የሚለውጥበትን ቦታ ነው፤ ሁለትና ሦስት ጠያቂዎች አንዱን ጥያቄ ከለወጡት ያ ጥያቄ እንደገና መጻፍ አለበት።