ከበሩ በፊት አንድ ተራ

ዛሬ ማለዳ ወደ ሥራ ስወጣ የግቢያችን ጥበቃ አባባ በሩን ወዲያው አልከፈቱልኝም። «ትንሽ ታገሺኝ ልጄ፣ የዛሬዋን ልጨርስ» ብለው ጎንበስ አሉና በብረቱ በር ላይ በጠመኔ «ቀ ቁ ቂ ቃ ቄ ቅ ቆ» ብለው ጻፉ። የ«ቄ» ቀለበት አልጥምላቸው ስላለ በአውራ ጣታቸው አጥፍተው እንደገና ሠሩት፤ ድምፁንም ከፍ አድርገው አሰሙት፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ቁልፉን አወጡ።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ከብት የሚጠብቁ ልጅ ስለነበሩ ዕድሉ አምልጧቸዋል። አሁን የሚፈልጉት ልጃቸው ከቤይሩት የምትልክላቸውን መልእክት ስልካቸውን ለሌላ ሰው ሳይሰጡ ራሳቸው ማንበብ ነው። ለዚህም በቀን አንድ ተራ ብቻ ይጽፋሉ፤ 33 ተራ፣ 231 ፊደል ማለት ነው፤ ከወር ብዙም አይዘልም።

እኛ ዕቅዳችንን ለእንቁጣጣሽ እንቀጥረዋለን፤ መስከረም ሲጠባ አዲስ ደብተር እንገዛለን፤ ጥቅምት ላይ ደግሞ ጊዜ አጣን እንላለን። እሳቸው ግን ትርፍ ጊዜም ሆነ የተለየ ስሜት አልጠበቁም፤ ትምህርቱን በየማለዳው ከማይቀርላቸው በር መክፈት ጋር አያያዙት። እጅግ ያስደነቀኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሲደክማቸውም፣ ሲከፋቸውም በሩ መከፈቱ ስለማይቀር ፊደሉም አይቀርም። «ፐ» ላይ ሲደርሱ ከ«ሀ» ይጀምራሉ፤ በሁለተኛው ዙር ፊደሎቹን እያገጣጠሙ የልጃቸውን ስም ለመጻፍ አስበዋል።