እጁን ከበሩ ላይ ያላነሳው አንኳኪ

መሣሪያው ዝም ያለው በ11ኛው ቀን ነው። መጋዘን ውስጥ ያስቀመጥኩት ትንሽ የሙቀትና የእርጥበት መመዝገቢያ ነው። በየ10 ደቂቃው ይነቃል፣ ይለካል፣ ካርዱ ላይ ይጽፋል፣ ተመልሶ ይተኛል። ካርዱን አውጥቼ ሳየው የመጨረሻው መስመር የተጻፈው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ40 ላይ ነበር። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ባትሪውን ነው። ለካሁት። 3 ቮልት፣ ደህና ነው። ሪሴት ቁልፉን ብጫነው ወዲያው ብድግ እንደሚል አውቃለሁ። ጣቴም ወደዚያው ሄዶ ነበር። ግን ተውኩት። ሪሴት ካደረግኩት ማስረጃው አብሮ ይጠፋል። ከዚያ ሌላ 11 ቀን መጠበቅ ነው።

እናም የሚወስደውን ከረንት (የኤሌክትሪክ ፍሰት) ለመለካት ወሰንኩ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። መልቲሜትሩን ለማስገባት ሽቦውን ከነቀላችሁት ኃይሉ ለቅጽበት ይቋረጥና መሣሪያው እንደ አዲስ ይነሳል። እኔ ባትሪው መስመር ላይ ጃምፐር፣ ማለትም ሁለት ፒኖችን የሚያገናኝ ተነቃይ ማያያዣ፣ ትቼ ነበር። የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች መጀመሪያ ከጃምፐሩ ግራና ቀኝ አያያዝኩ። ጃምፐሩን የነቀልኩት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ጃምፐር ቦርዱ ላይ በማኖሬ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

0.4 ሚሊአምፔር።

ይህ ቁጥር ግራ አጋባኝ። መሣሪያው ተኝቶ ሳለ ሁሉም ተደምሮ ከ0.1 ሚሊአምፔር ብዙ አይርቅም። ነቅቶ ሲሠራ ደግሞ በርካታ ሚሊአምፔር ይወስዳል። 0.4 ለነቃ በጣም ያንሳል፣ ለተኛ በጣም ይበዛል። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ትርፉ 0.3 ነው። 3 ቮልት ለ0.3 ሚሊአምፔር ሲካፈል 10 ኪሎኦም ይመጣል። ቦርዱ ላይ 10 ኪሎኦም ሬዚስተር ያለው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፦ ሪሴት ላይና መሣሪያውን ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው የማንቂያው መስመር ላይ። ሪሴቱን ለካሁ፣ 3 ቮልት። የማንቂያውን መስመር ለካሁ፣ ዜሮ።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። እስቲ አሠራሩን ላስረዳ።

የመሣሪያው አንጎል የሆነው ቺፕ፣ ማይክሮኮንትሮለሩ፣ ኤቲሜጋ328ፒ ነው፤ አርዱዊኖ ኡኖ በሚባለው የመለማመጃ ቦርድ ላይ ያለው ማለት ነው። ፓወር-ዳውን በሚባለው ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ሥራውን በምት የሚያስኬደው ዋናው ክሎክ ሙሉ በሙሉ ይቆማል። ስለዚህ ራሱ ጊዜውን በትክክል ቆጥሮ በ10 ደቂቃ ሊነቃ አይችልም። ጊዜውን የሚቆጥርለት ዲኤስ3231 የተባለ የሰዓት ቺፕ ነው። አላርሙ ሲደርስ ይህ ቺፕ ኢንት የሚባለውን ፒኑን ወደ ዜሮ ቮልት ይስበዋል። ፒኑ ኦፕን-ድሬን ነው፤ ወደ ታች ይስባል እንጂ ወደ ላይ አይገፋም። ወደ ላይ የሚያነሳው የእኔ 10 ኪሎኦም ሬዚስተር ነው።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ቺፑ መስመሩን አንዴ ወደ ታች ከሳበ በራሱ አይለቀውም። የሁኔታ ሬጅስተሩ (ቺፑ ያለበትን ሁኔታ የሚጽፍበት ቦታ) ላይ ያለውን፣ «አላርም መጥቷል» የሚለውን ኤ1ኤፍ የሚባል ቢት እኛ ዜሮ እስክናደርገው ድረስ እንደያዘው ይቆያል። አንኳኪው በሩን መትቶ እጁን እዚያው እንዳሳረፈ መቆሙ ነው። እኔ ደግሞ የመረጥኩት ማንቂያ የፒን ለውጥ ኢንተራፕት ነበር። ኢንተራፕት ማለት ማይክሮኮንትሮለሩን ከያዘው ሥራ ወይም ከእንቅልፉ የሚጠራው ምልክት ነው። ይህ ኢንተራፕት የሚሰማው ለውጥን ነው። መስመሩ ዜሮ ላይ ከቀረ ለውጥ የለም። ለውጥ ከሌለ መንቃት የለም። ማይክሮኮንትሮለሩ ጤነኛ ነው፣ ሰዓቱም ጤነኛ ነው። አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ሁለቱም ቆመዋል።

ታዲያ ኤ1ኤፍ ለምን አልጠፋም? 10 ቀን ሙሉ ሲጠፋ ኖሮ?

ኮዱን ደጋግሜ ካነበብኩ በኋላ አገኘሁት። ማይክሮኮንትሮለሩ ከሰዓቱና ከሴንሰሩ (ከመለኪያው) ጋር የሚነጋገረው አይ-ቱ-ሲ በሚባሉ ሁለት መስመሮች ነው። መስመሮቹን ወደ ላይ የሚያነሱትን ሬዚስተሮች ያያያዝኳቸው ከሴንሰሩ ኃይል ጋር ነበር። ባትሪ ለመቆጠብ ብዬ የሴንሰሩን ኃይል በትራንዚስተር አጠፋዋለሁ። በደህናው ጊዜ ቅደም ተከተሉ ልክ ነው፦ መጀመሪያ ሴንሰሩን አነባለሁ፣ ቀጥሎ ኤ1ኤፍን አጠፋለሁ፣ ቀጣዩን አላርም እሞላለሁ፣ በመጨረሻ ኃይሉን እዘጋለሁ። ሴንሰሩ መልስ ሳይሰጥ ሲቀር ግን ኮዱ በሌላ በኩል ይሄዳል። እዚያ መንገድ ላይ ኃይሉን የምዘጋው መጀመሪያ ነው። ከዚያ በኋላ ሰዓቱን ላናግር ስሞክር መስመሩ ሞቷል። ለአይ-ቱ-ሲው የጊዜ ገደብ ስላበጀሁለት ኮዱ አልተንጠለጠለም። ስህተት መኖሩን የሚናገር ቁጥር መልሶልኛል። እኔ ግን ያንን ቁጥር አላየሁትም። ሴንሰሩ በ11 ቀን አንድ ጊዜ ዝም አለ፣ ያ አንድ ጊዜ በቃ።

ሬዚስተሮቹን ቋሚው ኃይል ላይ አዛወርኳቸው። ኤ1ኤፍንም አሁን የማጠፋው መሣሪያው ገና እንደነቃ፣ ከምንም ነገር በፊት ነው። ካጠፋሁት በኋላ መልሼ አነበዋለሁ። ይህ ብቻ ችግሩን ይፈታዋል። እኔን ግን አላረካኝም። ነገ በሌላ ምክንያት መስመሩ ዜሮ ላይ ቢቀርስ?

ስለዚህ የፒን ለውጡን ትቼ በኤቲሜጋው ኢንት ዜሮ በሚባለው ፒን ላይ የሎው ሌቭል ኢንተራፕት አደረግኩ። ይህኛው ለውጥን አይጠብቅም፤ መስመሩ ዜሮ ላይ እስካለ ድረስ ይቀሰቅሳል። ኤ1ኤፍ ሳይጠፋ ብተኛ ወዲያው መልሶ ያነሳኛል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። በመጀመሪያው መንገድ ስህተት ሲመጣ መሣሪያው ተኝቶ ይቀራል። በሁለተኛው ነቅቶ ይቀራል። ነቅቶ የቀረ መሣሪያ ባትሪ ይበላል፣ ግን ስህተቱን መመዝገብ ይችላል፣ ደግሞ መሞከር ይችላል። ተኝቶ የቀረ ምንም አይችልም። በእኔ እምነት ማንቂያ ሲመረጥ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው፦ ሲበላሽ ወዴት ነው የሚወድቀው?

ሎው ሌቭል የራሱ ጣጣ አለው። መስመሩ ዜሮ እስካለ ድረስ ኢንተራፕቱ እየደጋገመ ይገባል፤ ዋናው ፕሮግራም አንድ እርምጃ ሳይራመድ ተመልሶ ይጠራል። ስለዚህ ኢንተራፕቱ ገብቶ የሚሠራው የመጀመሪያ ነገር ራሱን ማጥፋት ነው። እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ ይከፈታል፣ እሱም ከበፊቱ የከፋ ነው።

ኮዱ ኢንተራፕቱን ከፈተ እንበል። «አላርም መጥቷል ወይ?» ብሎ አየ። አልመጣም። ሊተኛ ነው። በዚያች ቅጽበት፣ ካየ በኋላ ከመተኛቱ በፊት፣ አላርሙ መጣ። ኢንተራፕቱ ገባ፣ ራሱን አጠፋ፣ ወጣ። ኮዱ ካቆመበት ቀጠለና ተኛ። አሁን የሚቀሰቅሰው የለም። ይህ ቀዳዳ ጥቂት የክሎክ ምት ብቻ ነው፣ በ8 ሜጋኸርዝ ከአንድ ሁለት ማይክሮሰከንድ አይዘልም። ለወራት ላይታይ ይችላል። እንዲህ ያለውን ስህተት ነው የምፈራው።

መድኃኒቱ ቺፑ ውስጥ ተሠርቶ ተቀምጧል። መጀመሪያ ኢንተራፕቶችን ሁሉ ዝጉ። ከዚያ አላርም መጥቶ እንደሆነ ተመልከቱ። ካልመጣ ስሊፕን (የመተኛ ትእዛዙን) አዘጋጁ፣ ኢንተራፕቶችን መልሳችሁ ክፈቱ፣ ወዲያውኑ ተኙ። ቁልፉ ያለው የመጨረሻዎቹ ሁለቱ መካከል ነው። ኤቲሜጋው በሚገኝበት የኤቪአር ቺፕ ቤተሰብ ላይ ኤስኢአይ ከሚባለው የመክፈቻ ትእዛዝ ቀጥሎ ያለው አንድ ትእዛዝ ከማንኛውም ኢንተራፕት ቀድሞ እንደሚፈጸም የተረጋገጠ ነው። ያ ትእዛዝ ስሊፕ ከሆነ ቀዳዳው ተደፈነ። አላርሙ በመካከል ቢመጣ እንኳ ቺፑ ይተኛና በዚያው ይነቃል። በሁለቱ መካከል አንዲት መስመር ኮድ ብታስገቡ ግን ዋስትናው የለም።

ኮርቴክስ-ኤም የሚባለውን ሌላ የማይክሮኮንትሮለር ዓይነት ለምትጠቀሙ መንገዱ ትንሽ ይለያል። እዚያ ኢንተራፕቶች ፕራይማስክ በሚባለው መዝጊያ ተዘግተው ሳለም ደብልዩኤፍአይ ከሚባለው የመተኛ ትእዛዝ ቺፑ ይነቃል። ስለዚህ ዘግታችሁ አይታችሁ፣ ተኝታችሁ፣ ስትነሱ ትከፍታላችሁ። የዚሁ ዓይነት በሆነው ኤስቲኤም32 ላይ ስቶፕ ሞድ ከሚባለው ጥልቅ እንቅልፍ ስትነሱ ክሎኩ ወደ ውስጣዊው ኦስሌተር (ምት ሰጪ) እንደሚመለስ አትርሱ። ፍጥነቱን የሚያበዛውን ፒኤልኤል መልሳችሁ ካላስነሳችሁ ጽሑፍ ወደ ኮምፒውተር የሚልከው ሲሪያል መስመር የማይነበብ ነገር ይተፋል፣ እናንተም «አልነቃም» ትላላችሁ። ነቅቷል፣ ፍጥነቱ ነው የተለየው።

ወደ እኔው መሣሪያ ልመለስ። የመጨረሻው ጠባቂ ዋችዶጉ፣ ማለትም ቺፑ ውስጥ ለብቻው ጊዜ የሚቆጥረው ክፍል ነው። ኤቲሜጋው ላይ ረጅሙ ጊዜው 8 ሰከንድ ገደማ ነው። በኢንተራፕት ሞድ አድርጌዋለሁ፤ በየ8 ሰከንዱ ይቀሰቅሰኛል፣ እኔ ቆጥሬ መልሼ እተኛለሁ። የራሱ ኦስሌተር በሙቀትና በቮልቴጅ ስለሚዋዥቅ የመለኪያ ሰዓት አላደርገውም። ግን 80 ጊዜ ቀስቅሶኝ አላርሙ ካልመጣ፣ ማለትም 10 ደቂቃው በግልጽ ካለፈ፣ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ያኔ አይ-ቱ-ሲውን እንደ አዲስ አስነሳለሁ፣ ኤ1ኤፍን አጠፋለሁ፣ አላርሙን እሞላለሁ፣ ካርዱ ላይም «በጠባቂው ነቃሁ» የሚል መስመር እጽፋለሁ። ዋችዶጉን ሳያጠፉ መተኛት በ3 ቮልት ወደ 4 ማይክሮአምፔር ይጨምራል። በዓመት 35 ሚሊአምፔር-ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ሁለት ኤኤ (AA) ባትሪ ለሚይዘው ይህ ምንም አይደለም። ይህን ለመቆጠብ ብሎ ጠባቂውን ማባረር አይገባኝም።

ለሙከራ 11 ቀን መጠበቅ አልፈለግኩም። ዲኤስ3231 በየሰከንዱ አላርም መስጠት ይችላል። እንደዚያ አድርጌ አንድ ቀን ሙሉ ተውኩት። በቀን 86,400 መንቃት ነው። በ10 ደቂቃ ስሌት የ600 ቀን ሥራ ይሆናል። ዝም ብሎ ማስኬድ ብቻ ግን አይበቃም። በየመሃሉ የአይ-ቱ-ሲውን የዳታ መስመር በሽቦ ከመሬት ጋር እያነካካሁ ሆን ብዬ አበላሽበት ነበር። ጠረጴዛዬ አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር እነካዋለሁ። የመጀመሪያው ኮድ በመጀመሪያው ንክኪ ተኝቶ ቀረ። አዲሱ በየጊዜው ጥቂት ሰከንድ ይዘልና ተመልሶ ይቀጥላል።

አሁን መጋዘን ውስጥ ሁለት መሣሪያዎች አሉ፣ ሁለቱም በአዲሱ ኮድ ይሠራሉ። በአንደኛው ካርድ ላይ በጠባቂው የተነሳበት ብዛት 0 ነው። በሁለተኛው ላይ 1 ይላል። ለምን እንደሆነ ገና አላገኘሁም። ነገ መልቲሜትሩን ይዤ እሄዳለሁ፣ መጀመሪያ የምለካው የኢንት መስመሩን ነው።