የሐምሌ አቦ ማግስት

ሰሞኑን ሕግ የምትማር የአክስቴ ልጅ ደውላ «ለኤክስተርንሺፕ የት ልሂድ?» አለችኝ፤ የሕግ ተማሪ በክረምት ቢሮ ገብቶ የሚሠራው የተግባር ልምምድ ነው። ጓደኞቿ አዲስ አበባ ያሉ ትልልቅ ቢሮዎችን እያፈላለጉ ነው። ሳላመነታ «ወረዳ ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ሂጂ» አልኳት። ምክንያቱን በስልክ ተናግሬ ስላልወጣልኝ እዚህ ልጻፈው።

የ2010 ክረምት ነው። ከ4ኛ ወደ 5ኛ ዓመት እያለፍኩ ነበር። የተመደብኩት ጎጃም ውስጥ ባለች አንዲት ወረዳ ነው። ሰኔ 25 ሥራ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሳምንት መዝገብ ስደረድር አለቀ። ብዙ ጓደኞቼ ክረምቱን ሙሉ እንዲሁ ነው የጨረሱት። አንድም ባለጉዳይ ሳያናግሩ ሪፖርት ጽፈው ተመለሱ። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሐምሌ 2 ሰኞ ጠዋት አንዲት እናት ዝናብ ሲደበድባቸው መጡ። ባላቸው ሞተዋል። የመሬቱ ደብተር በሴትዮዋ ስም ነው። የባላቸው ወንድም ግን «ጥማዱን አስገብቶ አረሰብኝ» አሉ። ጠበቃ ይቅርና ለራፖር ጸሐፊ የሚከፍሉት የላቸውም። ዐቃቤ ሕጉ ወደ እኔ ዞረው «አነጋግሪያቸውና ክሱን አንቺ ጻፊው» አሉኝ።

ደስ አለኝ። ጉዳዩ ሁከት ይወገድልኝ፣ ማለትም ይዞታዬ ውስጥ የገባው ሰው ይውጣልኝ የሚል ክስ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1149። ተምሬዋለሁ። አራት ገጽ ጻፍኩ። ዐቃቤ ሕጉ፣ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንጠራቸው፣ ጨርሰው አነበቡትና አንድ መስመር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «ተከሳሽ ከሁለት ዓመት በፊት ገብቶ አረሰ» ይላል።

«መቼ?»

«ካቻምና ነው ያሉኝ፣ ጋሼ።»

«ካቻምና መቼ?»

አልጠየቅኩም ነበር። ያው ቁጥር 1149 ክሱ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ተቀባይነት የለውም ይላል። እኔ ደግሞ ለተከሳሹ የይርጋ መቃወሚያውን፣ «የክሱ ጊዜ አልፏል» የሚለውን፣ በገዛ እጄ ጽፌለታለሁ። ሴትዮዋ መሬታቸውን የሚያስመልሱበትን መንገድ በአንዲት መስመር ልዘጋባቸው ነበር። ደነገጥኩ።

ጋሼ ወንበር ስበው ከሴትዮዋ አጠገብ ተቀመጡ። «እናቴ፣ በሬዎቹን ያስገባ ዕለት በዓሉ ምን ነበር?»

«የሐምሌ አቦ ማግስት ነዋ! ከእህቴ ዘንድ አድሬ ስመለስ ነው ያየሁት።»

የካቻምናው ሐምሌ 6 ማለት ነው። ሁለት ዓመቱ ሊሞላ አራት ቀን ቀርቶናል።

የዳኝነት ክፍያ ስለሌላቸው በደሃ ደንብ፣ ማለትም ሳይከፍሉ፣ መክሰስ ነበረባቸው። ለዚያ የቀበሌ ማስረጃ ያስፈልጋል። ሊቀመንበሩ ደግሞ ችግኝ ተከላ ወጥተዋል። ማክሰኞ በጭቃው ተራራው ድረስ ሄድኩ፤ ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ፈረሙልኝ። ማኅተሙን ረቡዕ አገኘን። አራቱ ገጽ ተቆርጦ አንድ ተኩል ሆነ፤ ቀኑ በመጀመሪያው አንቀጽ ገባ። ሐሙስ፣ ልክ በሐምሌ አቦ ዕለት፣ መዝገቡ ተከፈተ።

ፍርድ ቤት ነሐሴ 1 ለእረፍት ስለሚዘጋ ተማሪዎች «በክረምት ሄደን ምን እናያለን?» ይላሉ። እውነት ነው፣ በእረፍቱ አስቸኳይ ጉዳዮችን ከሚያየው ተረኛ ችሎት በቀር ብዙ ክርክር አይታይም። ግን የእርሻ ወቅትም ክረምት ነው። ድንበር የሚገፋው፣ በሰው መሬት ጥማድ የሚገባው ያኔ ነው። ባለጉዳዩ የችሎቱን መከፈት አይጠብቅም፣ ቢሮ ይመጣል። ያኔ የሚያዳምጠው ሰው ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ተማሪን መዝገብ ክፍል ማስቀመጥ ብክነት ነው የምለው። አንድ ጉዳይ ስጡት፤ አጠገቡ ግን እንደ ጋሼ ያለ አንብቦ «መቼ?» የሚለው ሰው ይኑር።

የአክስቴ ልጅ መጨረሻ ላይ ምን ይዛ እንደምትሄድ ጠየቀችኝ። ቦቲ ጫማ አልኳት። ደግሞ በዓላት የተጻፉበት የግድግዳ ካላንደር፤ የዘንድሮውን ብቻ ሳይሆን የአምናና የካቻምናውንም።