እንጦጦ ላይ የቴሌስኮፕ መስታወት ለምን ያልበዋል?

እንጦጦ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ፣ የመስታወታቸው ስፋት 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ቦታው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነ የሁለቱንም ንፍቀ ክበብ ሰማይ ያሳያል። የሰሜን ኮከብ ግን ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ስለምትል ጭጋግ በቀላሉ ይጋርዳታል።

ትልቁ ራስ ምታት ጤዛ ነው። ለጠራ ሰማይ የተጋለጠ መስታወት ሙቀቱን እየለቀቀ ከአየሩ በታች ይቀዘቅዛል። አየሩ 8 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 85 በመቶ ከሆነ ጤዛ የሚጀምረው 5.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ እርጥበቱ 90 ሲገባ 6.5 ላይ። ስለዚህ የሚለካው አየሩ ብቻ ሳይሆን መስታወቱም ነው፤ መስታወቱ ጤዛ ወደሚጀምርበት ሙቀት ሊደርስ 2 ዲግሪ ሲቀረው ጉልላቱን (የቴሌስኮፑን ቤት ጣሪያ) መዝጋት ይሻላል። ያላበውን በጨርቅ መጥረግ ክልክል ነው! አቧራው ስሱን የአሉሚኒየም ሽፋን ይቧጭረዋል። ሸፍኖ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ መተው ነው።

ተቃራኒው ችግርም አለ። ቀን የሞቀ መስታወት ላይ አየር ይንቀለቀልና የኮከቡ ምስል ያብጣል፤ ጉልላቱ ፀሐይ ስትጠልቅ ቀድሞ ቢከፈት ይረዳል።

በስተደቡብ የአዲስ አበባ መብራት ደብዛዛ ጋላክሲዎችን ይውጣል፤ ለዚያ አቅጣጫ ደማቅ ኮከቦችን መምረጥ ነው። ክረምት ለጥገና ይሁን፤ መብረቅ ሲያጉረመርም ገመዶቹን ንቀሉ።

አየሩ ስስ ስለሆነ ኮምፒውተር በደንብ አይቀዘቅዝም፤ ውኃም 89 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ባቄላ ለሚቀቅል ትዕግሥቱን ይስጠው።