ውርጩ ሲለቅ

ደብረ ብርሃን ዙሪያ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ገብስ የተከመረበት አውድማ ዳር አንድ አባት ሬዲዮ ከፍተው የአማራ ክልሉን ውጊያ ዜና ያዳምጣሉ። «አባባ፣ ማበራየቱን አይጀምሩም?» ሲባሉ «ውርጩ ይልቀቅ እንጂ ልጄ!» አሉ።

ልክ ናቸው። ነዶው ጤዛ እንደያዘ ከተበራየ ጭዱ አይደቅም፣ ፍሬውም ከዛላው አይለቅም። እርጥቡ ጎተራ ከገባ ደግሞ ይሻግታል። ወለሉም በእበት ተለቅልቆ ካልደረቀ የበሬው ሰኮና ይሰነጥቀውና እህሉ ከአፈር ጋር ይቀላቀላል። ማዝራት ከሰዓት፣ ነፋስ ሲነሳ ነው፤ በላይዳ፣ በእንጨት አካፋው፣ ወደ ላይ ሲበተን ጭዱ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ፍሬው እዚያው ይወርዳል።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልሉ ውጊያ ሳቢያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ግን ቀና ብሎ ሰማይ የሚያየው ደመና ፈልጎ ብቻ አይደለም፤ ድሮንም አለ። መንገድ ሲዘጋ በሬ የሚያውሰው ጎረቤት ይቀራል፣ ደቦውም ይበተናል።